ሸክላ አጥቤ የሠራሁት ጥፋት

ባልና ሚስት ሲኮራረፉ ሽማግሌ ይላካል አሉ። እናንተ ላኩ! እኛን የሚያስታርቀን ግን አንድ ቆሻሻ የሙዚቃ ሸክላ ነበር።

ሰዓዳን ሳገባ አባቷ ከነማጫወቻው የሰጡን ነው። ዘፋኙ «ነይ» የሚልበት ቦታ ላይ ጉድፍ ስላለ መርፌው ይያዝና «ነይ፣ ነይ፣ ነይ» እያለ እዚያው ይቀራል። አንዳችን ተነስተን በጣት ካልገፋነው እስኪመሽ ነይ ነው። ታዲያ ስንኮራረፍ (ሰዓዳ ስታኮርፍ ደግሞ እንደ ኮሶዬ ተራራ ጉም ናት፣ አንዴ ከወረደች ቀኑን ሙሉ አትገለጥም) አንዳችን ዝም ብለን ሸክላውን እናስቀምጣለን። «ነይ፣ ነይ» ሲል ሁለታችንም ግድግዳ እናያለን። በመጨረሻ እሷ «ምነው፣ አትገፋውም እንዴ?» ትላለች። እኔም «አንቺስ እጅ የለሽም?» እላለሁ። አለቀ፣ ተነጋገርን! ከዚያ ወዲያ ማኩረፍ ራሱ ያስቃል።

ጤና ቢኖረኝ ይህን ሸክላ እንዳለ እተወው ነበር። ግን አራዳ ወርቅ የሚሠራው ጓደኛዬ ኑርሁሴን አዲስ ማሽን አስመጣ። ጆሮ በማይሰማው ድምፅ ውኃ እያንቀጠቀጠ ከቀለበት ላይ ቆሻሻ ያራግፋል። ቀለበት ካጠበ ዘፈን ለምን አያጥብም አልኩና ለአንድ ቅዳሜ ለምኜ ቤት አመጣሁት። ሸክላውን ሽቦ ላይ ሰክቼ፣ መሐሉ ያለው ወረቀት እንዳይርስ ጠርዙን ብቻ ነክሬ፣ ቀስ እያልኩ አዞርኩት። ውኃው ጠቆረላችሁ! ጮቤ ረገጥኩ። ሰዓዳም «ሸጋ! ሸጋ!» እያለች አጨበጨበች። ስናጫውተው ዘፋኙ አንዴ ብቻ «ነይ» ብሎ፣ የማንንም እርዳታ ሳይፈልግ እስከ መጨረሻው ሄደ።

በሳምንቱ ተኮራረፍን። ሽንኩርት ረስቼ ገብቼ ነው፣ አትሳቁ። እንደ ልማዴ ሸክላውን አስቀመጥኩ። ዘፈኑ እየተንቆረቆረ አለቀ። ገለበጥኩት፤ ያም አለቀ። ዝም። አራት ቀን ሙሉ! የገዛ ትዳሬን አጥቤ ከእጣቢው ጋር የደፋሁት መሰለኝ።

በአምስተኛው ቀን ሰዓዳ ጎረቤት ስትወጣ፣ ጣቴን ማር ውስጥ ነክሬ ያንን ቦታ መልሼ ላቆሽሸው ሄድኩ። ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ምን ባገኝ ጥሩ ነው? ልክ «ነይ» ላይ፣ አንዲት የሻማ ጠብታ በጥንቃቄ ተለጥፋለች። በዚህ ቤት ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። ሳቄ አመለጠኝ፤ በሌላው እጄ መርፌውን አስቀመጥኩ።

«ነይ፣ ነይ፣ ነይ» ሲል ሰዓዳ በሩ ላይ ቆማለች።

«ምነው፣ አትገፋውም እንዴ?» አለች፣ ሳቋን አፍና።

«እጄ ማር ነው» አልኳት።