ካፒቴን ክንፉን ስንሸኝ

«ምንም አይልም» ባይ የሌለበት ዘመድ አዝማድ የለም። ቤቱ ሲቃጠል «እንኳን ሞቀን» የሚል ዓይነት ሰው ነው። እሱ አይፈራም፤ የእሱን ድርሻ አብረውት የሚኖሩት ይፈሩለታል።

የእኛው ክቡር ካፒቴን ክንፉ ነው። ካፒቴንነቱን የሾመው ራሱ ነው። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሆዜ ሳለ የመኪናው ፍሬን እንደ ጅብ ይጮህ ነበር። «ምንም አይልም፣ ሲሞቅ ይተዋል» ይለናል፣ ፍሪዌይ ላይ እየበረረ። ጣራው ሲያፈስ ከሥሩ ባልዲ አስቀምጦ «ምንም አይልም፣ ዝናቡ ያልፋል» አለ። ዝናቡ ሳያልፍ ቤቱን ሸጠና አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዛ። ሚስቱን ውብዳርንና ትንሿን ልጁን ሳሌምን ይዞ ኦክላንድ ማሪና በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ፣ እዚያው ጀልባዋ ላይ መኖር ጀመረ።

«ዋና ትችላለህ?» አልኩት።

«ጀልባዋ ትችላለች።»

በዚህ ግንቦት በጎልደን ጌት ድልድይ ሥር ወደ ውቅያኖሱ ወጥተው፣ በባሕሩ ዳርቻ እስከ ሳንዲያጎ ሊሄዱ ተነሡ። መንገደኛ ከደጅ አይሸኝምና እኔና ጡረተኛው አቶ ብርሃነ መስቀል እስከ ሳን ፍራንሲስኮ ልንሸኛቸው ተሳፈርን።

ቤይ ብሪጅ የሚባለውን የመጀመሪያውን ድልድይ እንዳለፍን ነፋሱ መጣ። ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ተኛች። ክንፉ መሪውን ይዞ «ሁላችሁም ከፍ ባለው በኩል ተቀመጡ፤ የሚያቆማት ክብደታችሁ ነው» አለ። ተቀመጥን። ውብዳር ዳዊት መድገም ጀመረች። እኔ ያገኘሁትን ገመድ ጨበጥኩ፤ ገመዱ ከምን ጋር እንደታሰረ ግን አላየሁም።

«ክንፉ፣ ሸራውን ዝቅ አድርገው!»

«ምንም አይልም፣ ውቤ! እየተጫወተች ነው።»

አቶ ብርሃነ መስቀል ታች ጓዳው ውስጥ ጋደም ብለው ነበር። ድንገት ሽበታቸው በመውጫው ብቅ አለ። አስተዳደጋችን ፍርሃታችንን ቀደመው። ውብዳርና እኔ «ኖር!» ብለን ብድግ አልን፤ ከፍ ያለውን ቦታ ለእሳቸው ለቀን ወደ ዝቅተኛው ጎን ተሻገርን። ካፒቴኑም መሪውን እንደያዘ ከመቀመጫው ተነሣ።

«ኧረ በእግዜር! ቁጭ በሉ!»

ጀልባዋ ግን ቁጭ እስክንል አልጠበቀችም። ጎኗ ውኃ ውስጥ ገባ፤ በረዶ የመሰለው ባሕር ጉልበታችን ድረስ መጣ። ላይ ብቻዋን የቀረችው ሳሌም በእርጥቡ ወለል ተንሸራታ በመካከላችን አለፈች። እጄን ዘረጋሁ፤ አልደረስኩባትም። እግሮቿ ከጠርዙ ወጡ።

ክንፉ መሪውን ለቆ ወደ እሷ ዘለለ። በላይፍ ጃኬቷ ማሰሪያ ያዛት። የተለቀቀችው ጀልባ በራሷ ወደ ነፋሱ ዞራ ቀና አለች፤ ሸራው በላያችን እንደ ጅራፍ ይጮኻል።

«ባባ፣ አይም ኦኬይ። ሌት ጎ።»

ደህና ነኝ፣ ልቀቀኝ ብትለውም አልለቀቃትም። ከንፈሩ አመድ መስሏል። የለመድነውን ቃል ጠበቅን፤ አልመጣም።

«ፈራሁ» አለ።

«ተመስገን!» አለች ውብዳር እያለቀሰች። «ከተጋባን ጀምሮ ብቻዬን ስፈራ ነበር።»

ሸራውን አውርዶ በሞተር ወደ ኦክላንድ መለሰን። በማግስቱ ደወለልኝ። ውቅያኖሱን የምታውቅ አንዲት የማሪናው ጎረቤት አስተምራው አብራቸው ካልወጣች፣ ከጎልደን ጌት ድልድይ ወዲያ ንቅንቅ እንደማይል ነገረኝ።

ልጄ ቢታንያ ከሳሌም ጋር ጀልባ ላይ ልደር እያለች ስትለምነኝ ከርማለች፤ ጀልባዋ የሚፈራ ካፒቴን ስለሌላት መልሴ ሁልጊዜ እምቢ ነበር። በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ልብሷን ራሴ ሸክፌ ወሰድኳት።