እግሩን የታጠበ እንግዳ

ስኳርን የመሰለ ነገረኛ በሽታ አላየሁም። ሌላው በሽታ ሲመጣ ያስላል፣ ያተኩሳል፣ ያንቀጠቅጣል። በር አንኳኩቶ የሚገባ ጨዋ ነው። ስኳር ግን ሳትሰሙት ገብቶ ሶፋችሁ ላይ ጋደም ይላል። እኔ እንኳ ያወቅሁት ለመነጽር ብዬ ስሄድ ነው። ዓይኔን ያየው ሰውዬ ለመነጽሩ አትቸኩል፣ መጀመሪያ ደምህን አስመርመር አለኝ። አስመረመርኩ። ሐኪሟ ኮምፒውተሯን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ "ሱከረት" አለችኝ። ሱከረት በዕብራይስጥ የስኳር በሽታ ነው። ሱካርያ ደግሞ ከረሜላ ነው። ዕብራይስጤ ደህና ነው፤ ድንጋጤ ግን ቋንቋ ያጠፋል። ከረሜላ የጋበዘችኝ መስሎኝ አመስግኜ እጄን ዘረጋሁ።

ነገሩ ሲገባኝ ተከራከርኳት። እኔን እዩኝ እስቲ፤ ቀበቶዬ ቀዳዳ አልቆበት በምስማር የበሳሁት ሰው ነኝ። ቀጭን ሰው ስኳር ይይዘዋል? ሴትዮዋ ታጋሽ ናት። ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ የመጣነውን በተለይ አጥንተውናል አለችኝ። ገጠር ሳለን በሽታው ብዙም አይታወቅም ነበር። እዚህ እስራኤል መጥተን ስንከርም ግን ከፍ እያለ ሄደ። እኛን ለመያዝ ደግሞ ቦርጭ እስክናወጣ አይጠብቅም። መሄድ ቀርቶ መቀመጥ መጣ፣ ምግቡ ተለወጠ፣ ዘርም የራሱ ድርሻ አለው። ሥራህ ምንድን ነው ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የመጋዘን በር ጠባቂ ነኝ፤ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነኝ። እሱን ስነግራት ፈገግ አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እነዚህን ሰዎች አደንቃቸዋለሁ። አሁን ክንዴ ላይ ሳንቲም የምታክል ነገር ለጥፈውልኛል። ጣት መውጋት ቀረ። ስኳሬን ከሥጋዬ እያነበበች ለስልኬ ትነግራለች። ስልኬ ደግሞ ቤር ሼቫ ላለችው ልጄ ይነግራል። ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። ባለፈው ዘመዳችን ቤት ለምርቃት ሄጄ አንዲት ቁራሽ ኬክ፣ ቀጭን ነገር፣ ወደ ግድግዳ ዞሬ ጎረስኩ። ብዙም ሳልቆይ ልጄ ደወለች። "አባ፣ ምን በላህ?" ድሮ ተደብቆ የሚበላን ሰው የሚያየው እግዚአብሔር ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ታጋሽ ነው፣ አይደውልም።

ላወራችሁ የፈለግሁት ግን ስለ ኬክ አይደለም፤ ስለ አያ ታከለ እግር ነው።

አያ ታከለ እና ባለቤታቸው እማማ ዝናሽ እኛ ሰፈር፣ ባሕሩ ዳር ሮቫ ቴት ቫቭ በሚባለው ነው የሚኖሩት። ከጎንደር ገጠር የመጡ፣ ጸሎታቸውን የማያጓድሉ ሽማግሌዎች ናቸው። ሁለቱንም ስኳር ይዟቸዋል። ክሊኒኩ ለእኛ ሰዎች በየሳምንቱ አንድ ስብሰባ ያደርጋል። ነርሷ በዕብራይስጥ ታስተምራለች፣ እኔ በአማርኛ እተረጉማለሁ። ማን ሾመህ እንዳትሉኝ። የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩና ዝም ማለት ስለማልችል ራሴን ሾምኩ።

አንድ ቀን ነርሷ ስለ እግር አስተማረች። ስኳር ሲቆይ የእግርን ስሜት ይገድላል፤ ሰውየው ሚስማር ቢረግጥ አያውቅም፤ ቁስሉ ሳይታወቅ ይከፋና እግር እስከ መቆረጥ ይደርሳል አለች። ተረጎምኩ። ከዚያ የያንዳንዳችንን እግር ለማየት አነስተኛ በርጩማ ይዛ ዞረች። አያ ታከለ ዘንድ ስትደርስ ቁጭ ብላ እጇን ወደ ጫማቸው ሰደደች። እግራቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"አያ ታከለ፣ ጫማዎን ያውልቁ። እግርዎን ልታይ ነው" አልኳቸው።

"አይሆንም" አሉ። "ለማደር አይደለም የመጣሁት።"

እንግዲህ ይሄን እንዴት አድርጌ ልተርጉመው? ማደርን ምን አመጣው? እውነቱን ለመናገር ስኳሩ ጭንቅላታቸው ላይ የወጣ መሰለኝ። ማን ይደሩ አለዎት ብዬ ጠየቅኋቸው። አያ ታከለም የከተማ ልጅ ምንም አያውቅም በሚል ዓይን አዩኝና አስረዱኝ። በእሳቸው አገር እንግዳ አመሻሽ ላይ ሲመጣ፣ ይደር ወይስ ይለፍ ገና አልለየም። የሞቀ ውሃ መጥቶ እግሩ ከታጠበ ግን ነገሩ አለቀ። እግሩን የታጠበ እንግዳ ተነስቶ አይሄድም፤ ያድራል። እዚህ አገር ያለ ጎረቤታቸውም እንዲሁ ለትንሽ ቁስል ብሎ ሐኪም ፊት ጫማውን አወለቀ። ያን ዕለት አሳደሩት። ሲመለስ ለአንድ እግሩ ብቻ ነበር ጫማ የሚያስፈልገው።

"እና እኔ ሞኝ ነኝ?" አሉ አያ ታከለ። "ጫማዬን ካላወለቅሁ አያሳድሩኝም።"

ይሄን ሁሉ ለነርሷ ተረጎምኩላት። ትስቃለች ብዬ ነበር፤ አልሳቀችም። ማን ነበር የሚያጥበው ብላ ጠየቀች። ሚስት ወይም የቤቱ ልጅ፣ አሉ። እንዴት አድርገው? በለብታ ውሃ፣ በጣቶቹ መሃል እያሹ፣ ከሥር እያገላበጡ፣ እሾህ ካለ እየፈለጉ። መጨረሻ ላይ አጣቢዋ እግሩን ትስማለች፣ እንግዳው ይመርቃታል። ነርሷ ይሄን ስትሰማ ብድግ አለች። "እኔ እኮ ሰዉን ሁሉ ማታ ማታ ይሄን አድርጉ ብዬ የምለምነው ነው!" አለች። "እናንተ ከነአሠራሩ ታውቁታላችሁ!" ከዚያ ወደ እማማ ዝናሽ ዞረችና የአያ ታከለን እግር ማታ ማታ እንዲያጥቡ ጠየቀቻቸው።

እማማ ዝናሽ ከሳቃቸው የተነሳ ነጠላቸው ወደቀ። "ወይ ጉድ! እስራኤል ከገባሁ ወዲህ እኮ በቧንቧ ራስዎ ይታጠቡ ብዬ እፎይ ብዬ ነበር" አሉ። ቢሆንም እሺ አሉ። አያ ታከለም የገዛ ቤታቸው ማደር ስለማያስፈራ እሺ አሉ። ነርሷ የድሮውን ሙያ ትንሽ አረመችው፦ ውሃው እንዳያቃጥል በክርን ይለካ፣ በጣት መሃል ያለው በደንብ ይድረቅ፣ የተሰካ ነገር ቢገኝ ቤት ውስጥ አይነቀል፤ ወዲያው ወደ ሐኪም።

እኔ ለመሳቂያ የሚሆን ወሬ አገኘሁ ብዬ ተመለስኩ። በጋ እስኪመጣ ድረስ ስቄበታለሁ።

በጋ መጣ። አያ ታከለ በእግር ይሂዱ ስለተባሉ አመሻሽ ላይ ወደ ባሕር ዳርቻው መውረድ ጀመሩ። እሺ፣ ደግ። ግን ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ነበር የሚሄዱት! ነርሷ በባዶ እግር እንዳይኬድ ብላ ነበር፤ እኔም ተርጉሜያለሁ። እሳቸው ግን የጨው ውሃ መድኃኒት ነው ብለው ሁለታችንንም ሻሩን። አንድ ምሽት ቤት ገብተው ተቀመጡ። እማማ ዝናሽ ሳፋውን አቀረቡ። አያ ታከለ የሆነ የድሮ ጨዋታ ጀምረው እየሳቁ ነበር። ውሃው ቀላ። እማማ ዝናሽ እግሩን ገልበጥ ሲያደርጉት የዛጎል ስባሪ ተረከዙ ውስጥ ገብቶ ተሰክቷል። አያ ታከለ ጨዋታቸውን አላቋረጡም፤ ምንም አልተሰማቸውም።

ሌላ ሰው ቢሆን ይነቅለው ነበር። እኔ ብሆን እጮህ ነበር። እማማ ዝናሽ አልጮሁም፣ አልነቀሉም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ደወሉልኝ። "መኪናህን አምጣ፤ አያ ታከለን አንድ ነገር ወግቷቸዋል" አሉኝ፣ በቃ።

አያ ታከለን መኪና ውስጥ አስገባኋቸው። እማማ ዝናሽ የባላቸውን እግር ጭናቸው ላይ አስቀምጠው ይዘውታል። ሽማግሌው እንደዚያ ሲፈሩ አይቼ አላውቅም። ትንሽ ከሄድን በኋላ ቀስ ብለው "ዛሬስ የማድር መሰለኝ" አሉ። እኔ ለሁሉ ነገር ወሬ የማላጣው ሰውዬ ነዳጁን ብቻ ረገጥኩ።

ሆስፒታል የተቀበለን ሐኪም ስባሪውን አወጣ፣ አጠበ፣ መድኃኒት አዘዘ። በየቀኑ እየመጡ ቁስሉን ያሳዩ አለ። ማን ቶሎ አየው ብሎ ጠየቀኝና ሳፋውን ነገርኩት። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ተሰክቶበት ሲሸት ነው የሚያውቀው፤ ያኔ ንግግራችን ሌላ ይሆን ነበር አለኝ። ከዚያ ለእማማ ዝናሽ ከወንበሩ ተነስቶ እጅ ነሳ። "አሁን ወደ ቤታችሁ" ሲል ስተረጉም አያ ታከለ አላመኑኝም። ደግሜ ነገርኳቸው። ቁስሉ ሳይረገጥ ይቆይ ስለተባለ በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋሁ አወጣኋቸው። የሁለቱንም እግር ጫማ ደረታቸው ላይ አቅፈው ነበር። ያኔ አለቀስኩ፤ ምን ይደበቃል?

ለኔ እማማ ዝናሽ ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ናቸው። ምርምሩ ትልቅ ነገር ነው። ክንዴ ላይ ያለችውን የሠሩ ሰዎች እጃቸው ይባረክ። ግን ምርምሩ ሁሉ ተሰብስቦ መጨረሻ ላይ የሚለው፣ አንድ የሚወድህ ሰው እግርህን ከሥር ይየው ነው። ያንን የሚሠራ መሣሪያ እስካሁን አልለጠፉብኝም።

በዚህ ስሜት ቤቴ ገባሁ። ከመታጠቢያ ቤት ሳፋ አመጣሁ። ሶፋው ላይ ተቀመጥኩ፣ ካልሲዬን አወለቅሁ፣ ጠበቅሁ። ባለቤቴ አልማዝ የአራት ኪሎ ልጅ ናት። አየችኝ። ምን ሆነሃል አለች። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ አወራኋት። አለቀሰች። እኒያን ሴትዮ እግዚአብሔር ያኑራቸው አለች። ልትነሳ ነው ብዬ እግሬን ዘረጋ አደረግሁ።

"ግን እማማ ዝናሽም ስኳር አለባቸው አላልክም?" አለች። "የሳቸውን እግር ማን ያየዋል?"

ሰሞኑን ሁሉ ጥያቄው ከነከነኝ። ቁስሉ የዳነ ጊዜ አያ ታከለን ባሕር ዳርቻው ላይ አገኘኋቸው፤ በጫማ ናቸው። ጠየቅኋቸው። ግራ ቀኝ ተመለከቱ።

"መጋረጃ ዘግቼ እኔ አጥባታለሁ" አሉኝ በሹክሹክታ። "ለሰው ብትናገር ወዮልህ። ደግሞ ከሷ እኔ እሻላለሁ፤ እሷ ትቸኩላለች።"

"ካጠቧቸው በኋላስ አያ ታከለ፣ እግራቸውን ይስማሉ?"

"እሱን አልነግርህም" ብለው ጥለውኝ ሄዱ።

ለሰው እንዳልናገር ነው የተባልኩት፤ አልተናገርኩም፣ ጻፍኩት እንጂ። ለአልማዝ ግን መንገር ግድ ሆነብኝ። እነሆ አሁን ማታ ማታ ሳፋው ፊት እንበረከካለሁ፣ ውሃውን በክርኔ እለካለሁ፣ በጣቶቿ መሃል አሻለሁ። አልማዝ ስኳር የለባትም። ዘንድሮም ተመርምራ ነጻ ናት። ይሄንን ባስታወስኳት ቁጥር ግን ቴሌቪዥኗን እያየች ሌላኛውን እግሯን ትሰጠኝና፣ "ተመራማሪዎቹ እኮ መከላከል ይበልጣል ነው የሚሉት" ትለኛለች።