መመሪያ ያልወረደላት ነጥብ

በዚያ ዘመን ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሰው ጮክ ብሎ የሚከራከርበት አንድ ጉዳይ ቢኖር ኳስ ነበር። ሌላው ሁሉ አስቀድሞ ተወስኖ ያለቀ ነው። በቀበሌ ስብሰባ እጃችንን አውጥተን በሙሉ ድምፅ እንደግፋለን፤ በውይይት ክበብ ተቀምጠን በሙሉ ድምፅ እናወግዛለን፤ የምንደግፈውና የምናወግዘው አንዳንዴ ቦታ ቢለዋወጥም ድምፃችን መቼም ጎድሎ አያውቅም። ያንን ዘመን የደረሳችሁበት ታውቁታላችሁ፤ ሰው ሳይቃወም ሲከርም ነገሩ የሆነ ቦታ ላይ ይጠራቀምበታል። እኛም የተጠራቀመብንን ይዘን የምንሄደው አያ ሙሄ ልብስ ስፌት ቤት ነበር። እዚያ ገብተን ስለ ቅርጫት ኳስ እንጣላለን። ወላሂ፣ ስለ አገር ጉዳይ የዚያን ያህል ተከራክረን ቢሆን ኖሮ… ይቅር።

ለምን ቅርጫት ኳስ ትሉኝ ይሆናል። እግር ኳስ ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል፤ ሰፊው ሜዳችን ደግሞ ለሰልፍ ልምምድ ተይዟል። ቅርጫት ኳስ ግን ሁለት ግንድ፣ ሁለት ሰሌዳና አንድ ኳስ ከተገኘለት ሌላ አያስቸግርም። ግንዱና ሰሌዳው ትምህርት ቤታችን ግቢ ውስጥ ነበር። ኳሱ ስፌቱ ቶሎ ቶሎ ይፈታል፤ እሱን አያ ሙሄ ይሰፋዋል።

አያ ሙሄ ራሱ ስለ ኳስ ደንታ አልነበረውም። እኛ ስንጯጯህ እሱ ሱሪ ያሳጥራል። ብቸኛ ልጁ ሰይድ በከተማው ቡድን መጫወቱን እንኳ የሚያውቀው ጫማው ቶሎ ስለሚያልቅ ነበር። ሰይድ አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ፣ ውጤት ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ከአባቱ ጋር ቁልፍ እየተከለ የሚውል ቀጭን ልጅ ነው። ቁመት አልተሰጠውም። ከረጃጅሞቹ መሐል ገብቶ መታገል ስለማይችል ራቅ ብሎ ይቆምና ከዚያው ይወረውራል። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ ድምፅ የላትም፤ ስትገባም እንደዚያው።

አንድ ሰሞን ታዲያ ከደሴ ወሬ መጣ። ለክፍለ ሀገሩ ምርጥ ቡድን የተመረጠ ልጅ ለብሔራዊ ውትድርና አይጠራም ተባለ። ወሬውን ማን እንዳመጣው አልታወቀም፤ ማንም አልጠየቀም፤ ሰው የሚወደውን ወሬ ምንጩን አይጠይቅም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አያ ሙሄ ሱሪውን እያስቀመጠ ወደ ክርክራችን ገባ። እኛ ሞኞቹ፣ ሰውዬው በመጨረሻ የስፖርት ፍቅር አደረበት ብለን ተደሰትን።

ወደ ደሴ የሚያስኬደው መንገድ ግን በውጫሌ ልጆች ተዘግቶ ነበር። ሁለት ጊዜ ተጋጥመን አንዱን እነሱ ሌላውን እኛ ስላሸነፍን፣ የአምባሰልን አውራጃ ወክሎ የሚሄደውን ለመለየት ሦስተኛ ጨዋታ ተቆረጠ። የውጫሌ ልጆች ደግሞ ሲፈጥራቸው ረጃጅም ናቸው። አሰልጣኛቸው አምስቱንም ቅርጫቱ ሥር ሰብስቦ፣ እጃቸውን ሽቅብ አስነሥቶ፣ ገጥግጦ ያቆማቸዋል። መሐላቸው መግባት በገበያ ቀን አውቶቡስ ላይ እንደመሳፈር ነው፤ ክርን አለ፣ ጉልበት አለ፣ ከሁሉም በኋላ ኳሷ እጅህ ላይ የለችም።

ይህን ግድግዳ እንዴት እናፍርሰው? ጥያቄው ይኸው ነበር። እኔ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነኝና ስለ መልክዓ ምድር ብጠየቅ ይሻል ነበር፤ ሆኖም «መሮጥ ነው! እነሱ ሳይሰበሰቡ ቀድመን ደርሰን ማስገባት ነው» የሚለውን ወገን እመራ ነበር። ሌላውን ወገን የሚመሩት መሪጌታ ጽጌ ናቸው። መሪጌታ በገዳሙ ትርጓሜ መጻሕፍት የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ነበሩ። አንድ ቀን ካባቸውን ሊያስጠግኑ መጥተው ክርክራችንን ሰሙ፤ ከዚያ ወዲያ ካባው በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር።

«ነገሩ አንድምታ አለው» አሉ መሪጌታ፣ ጭራቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተኝተው። «አንድም መምህር እንዳለው ቀድሞ መሮጥ ነው። አንድም ኳሷን ግራና ቀኝ እያመላለሱ ዓይናቸውን ማድከም ነው። አንድም ከውጭ እየወረወሩ፣ እነሱው ራሳቸው ወጥተው እንዲመጡ ማስገደድ ነው።»

«የትኛው ነው ታዲያ ልኩ?» አልኳቸው።

«ሁሉም ልክ ነው። ትርጓሜ እንደሱ ነው።»

አያ ሙሄ መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «መሪጌታ፣ አንዱን ይምረጡልኝ። ጊዜ የለም።»

መምረጥ ግን ቀላል አልነበረም። እንዳንሮጥ፣ ውጫሌዎች ሲያጠቁም እንኳ ሦስት ሰው ከቅርጫታቸው ሥር አያነሡም። እንዳናመላልስ፣ የእኛ ልጆች ኳስ ሲቀባበሉ ሦስተኛው ላይ ይጥሏታል። ከውጭ እንዳንወረውር፣ የሩቅ ውርወራ ይስታል፤ ከቅርብም ሁለት፣ ከሩቅም ሁለት ከሆነ ማን ይደክማል? ክርክሩ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ክረምት ለኮርስ አዲስ አበባ ሄጄ ያየሁት ነገር ትዝ ያለኝ። እዚያ ሜዳው ላይ ከቅርጫቱ ራቅ ብሎ እንደ ቀስተ ደመና የጎበጠ መስመር ተሠምሯል፤ ከመስመሩ ውጭ ተወርውሮ የገባ ሁለት መሆኑ ቀርቶ ሦስት ይያዛል። ዓለም አቀፍ ሕግ ሆኗል ብለውኛል። ይህንኑ ነገርኳቸው።

የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

«ሦስት?» አለ አያ ሙሄ።

«ሦስት።»

«ከሩቅ በመሆኑ ብቻ?»

«ከሩቅ በመሆኑ ብቻ።»

«ያ ረቢ!» አለና ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ሰይድ እኮ ከሩቅ ሌላ አያውቅም!»

በማግስቱ አያ ሙሄ የልብስ መለኪያ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጥሎ ሜዳው ላይ ተገኘ። ርቀቱን እኔ ነገርኩት፤ ሜትሩ ስላልደረሰ እየቀጠለ፣ አንዷን ጫፍ መሪጌታ በመቋሚያቸው ረግጠው ይዘውለት፣ መስመሩን በአመድ አሠመረው። ያች መስመር ካባም ሱሪም ብትሆን ኖሮ እንደዚያ ባልተጠነቀቀላት ነበር። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሱቁን ሳይከፍት ከልጁ ጋር ሜዳ ይወርዳል። ሰይድ ይወረውራል፤ አባትየው ሽርጡን ወገቡ ላይ ሸብ አድርጎ ኳሷን እየተከተለ ይለቅማል። አንድ ቀን ለማስተማር ስገባ፣ «አባዬ፣ ደከመህ፤ አረፍ በል» ሲለው ሰማሁ።

«አንተ ወርውር» አለ አያ ሙሄ፣ እየተነፈሰ። «እኔ ምን ሥራ አለኝ።»

ያኔ ነው የገባኝ። ይህ ሰው ስለ ኳስ ሲከራከር አልነበረም።

ነገሩን በወሬ ብቻ አልተውነውም። አሰልጣኛችን፣ አያ ሙሄና እኔ ወደ አውራጃው የስፖርት ኃላፊ ገባን። ኃላፊው ካኪ ለብሶ፣ እግሩን አነባብሮ፣ የሩቁን ነጥብ ጉዳይ በጥሞና አዳመጠን። «እንዴታ!» አለ። «ሕጉ ዓለም አቀፍ ከሆነ እኛስ የዓለም አካል አይደለንም?» አያ ሙሄ ሲወጣ ደረጃውን ሁለት ሁለት እያለ ነው የወረደው።

የጨዋታው ቀን ሐይቅ ከነልጆቿ ወጣች። ውጫሌዎች በሁለት አውቶቡስ መጡ። ዳኛው ከደሴ ነበር። መስመሯን በኖራ አድሰናታል፤ ነጭ ሆና ስትታይ ሸጋ ነበረች። ጨዋታው ተጀመረ፤ አምስቱ ረጃጅሞች እንደ ልማዳቸው ቅርጫታቸው ሥር ተገጠገጡ። ሰይድ ከመስመሩ ውጭ ቆሞ ተቀበለ፤ ወረወረ፤ ገባች። ሕዝቡ ፈነዳ።

ዳኛው ሁለት ጣቱን አወጣ።

«ሦስት ነው!» አሉ መሪጌታ፣ መቋሚያቸውን ወደ ሰማይ አንሥተው። እኛም «ሦስት!» አልን፤ ውጫሌዎች «ሁለት!» አሉ። ዳኛው ጨዋታውን አቁሞ ኃላፊው ወደተቀመጠበት ጠረጴዛ ሄደ። ኃላፊው መስመሯን ቆም ብሎ አያት፤ ጠላት ሌሊት መጥቶ ያሠመራት ነው የሚመስለው። ከዚያ ወደ ዳኛው ጆሮ ጎንበስ አለ። ውሳኔው በድምፅ ማጉያ ተነገረን፦ ስለ ሦስት ነጥብ ከበላይ መመሪያ አልወረደም። ከውጫሌ ጋር በአንድ አንቀጽ ትርጉም የተጣላን የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አይደለንም፤ ይኼም ይሁን ብለን ተቀመጥን።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚያንገበግበው። ምክራችን ሠራ! ሰይድ በሁለት ሒሳብም ቢሆን መወርወሩን አላቆመም። እየቆየ ረጃጅሞቹ ተጨነቁ፤ አንዱ ሊይዘው ወጣ፣ ሌላው ተከተለው፣ ግድግዳው መሐሉ ተከፈተ፤ የእኛ ልጆች በክፍተቱ ገቡ። መሪጌታ በደስታ «ሦስተኛው አንድምታ! ሦስተኛው!» ይላሉ። አያ ሙሄ አይጮኽም። ከሰሌዳው ኋላ ቆሞ፣ የልጁን እጅ ብቻ እያየ፣ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። ፊሽካው ሊነፋ ሲል የሰይድ የመጨረሻዋ ኳስ ከሩቅ ገባች፤ እሷም ሁለት ተባለች። በአንዲት ነጥብ ተሸነፍን። ያስገባቸው ሁሉ ሦስት ሦስት ቢያዙለት ኖሮ ውጫሌዎች ገና በእረፍት ወደ አውቶቡሳቸው በሄዱ።

ሰዉ ሲበተን አያ ሙሄ ኃላፊውን መኪናው በር ላይ ደረሰበት። «ጓድ፣ እንዴታ ብለውኝ አልነበረም?»

«ብያለሁ። ሕጉም ትክክል ነው፤ አንተም ትክክል ነህ» አለ ኃላፊው፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎ። «መመሪያው ግን አልወረደም።»

«መቼ ነው የሚወርድ?»

«ሲወርድ ይነገራችኋል።»

ከመመሪያው በፊት የሰይድ ስም ወረደ። በቀበሌው ስብሰባ ተነበበ፤ እኛም በሙሉ ድምፅ አጨበጨብን፤ እጃችን ለምዶታል። የሄደ ዕለት አያ ሙሄ ብርድ ልብስ ገበር ያደረገበትን ኮት አለበሰው። መኪናው ላይ ወጥቶ ሳለ የሚያጽናናው ልጅየው ነበር። «አብሽር አባዬ» ይለዋል ከላይ። «እመጣለሁ፤ አብሽር።»

መመሪያው የወረደው ከዚያ በኋላ ነው። ሜዳችን ላይ መስመሯ በዘይት ቀለም ተቀባች፤ ኃላፊው ስለ ስፖርት ሳይንሳዊነት ንግግር አደረገ። መሪጌታ አልመጡም። እኛ ቆመን ሰማን። መስመሯ ያማረች ነበረች፤ ከዚያ ወርውሮ የሚያስገባ ግን አልተገኘም።

ያቺ ወሬስ? ውሸት ነበረች። ከውጫሌ ልጆች ለክፍለ ሀገሩ ቡድን የተመረጡት ገና ከደሴ ማረፊያቸው ሳይወጡ ወደ ጦር ሜዳ ተጫኑ፤ ስፖርተኛ ጤናው የታወቀ ነው፣ ምርመራ አያሻውም ተብሎ። ይህንን ስሰማ፣ ለአያ ሙሄ ብነግረው ቁጭቱን ያቀልለታል ብዬ ሮጬ ሄድኩ። ብናሸንፍም ያው ነበር ለማለት ነው። አዳመጠኝ። «እና ምን ልበል? አልሐምዱ ሊላህ ልበል?» አለኝና የስፌት መኪናውን መርገጥ ጀመረ። የተማረ ሰው ማጽናኛ ብዙ ጊዜ እንደዚህ ነው።

መንግሥት ወድቆ ወታደሩ በሰሜን መንገድ በእግሩ ሲመለስ ሰይድ ከሚያልፉት መሐል አልነበረም። አያ ሙሄ ያለፈውን ሁሉ ጠየቀ። በኋላ አንድ መንገደኛ፣ «ውጫሌ ላይ ጋሽ አስፋው የሚባል እህል ነጋዴ አለ፤ ልጁ ከአንድ የሐይቅ ልጅ ጋር በአንድ ጦር ነበር ሲል ሰምቻለሁ» ቢለው፣ አያ ሙሄ ይዞኝ ሄደ። ጋሽ አስፋው ገበያው ጥግ ጆንያው ላይ ተቀምጧል፤ ተቀምጦም ረጅም ነው። ቅርጫቱ ሥር ግድግዳ ሆነው ሲቆሙ ከምናውቃቸው ልጆች የመሐለኛው አባት መሆኑን አይተን አወቅን። የእሱም ልጅ አልተመለሰም። አንድ ጦር ነበሩ የተባለውንም እሱ ከመንገደኛ ነው የሰማው፤ ከዚያ የዘለለ አያውቅም።

«ያ ከሩቅ የሚወረውረው ያንተ ነው?» አለ አያ ሙሄን፣ ሲያየው ቆይቶ። «የእኔው ልጅ ያን ዕለት ማታ ምን አለኝ መሰለህ። ‹አባቴ፣ አሸነፍን እንጂ፣ እውነቱን ከተናገርን ሦስት ነበር› አለኝ።»

ይህን ቃል ከአንድ የውጫሌ ሰው አፍ ለመስማት ስንት ዘመን ጠበቅሁ! ዘወር ብዬ የአያ ሙሄን ፊት አየሁ። ጋሽ አስፋው ፈቀቅ ብሎ ጆንያው ላይ ቦታ ለቀቀለት፤ አያ ሙሄ አጠገቡ ተቀመጠ።

«ሁለትም ይበሉት፣ ሦስትም ይበሉት» አለ። «እኔ ያለኝ አንድ ነበር።»