ጉበትና በርጩማ

የሰሜን ሰው የበግ ጉበት ለማን እንደሚገባ አጥብቆ ያውቃል። በፋሲካ ማለዳ ከገፋፊው እስከ ቤቱ ጌታ ድረስ ስለ ጉበት የማይከራከር የለም። «የራስህስ ጉበት በየትኛው ጎንህ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት ግን ሆዱን በሙሉ በመዳፉ ይዳስስና «እዚሁ አካባቢ ነው» ይላችኋል፤ የጠፋ በቅሎ እንደሚፈልግ ሰው። የት እንዳለ የማያውቁትን ነገር «ደህና ነው፣ እግዜር ይመስገን» ማለት አይከብድም?

እኔ የራሴን ተምሬ አውቄዋለሁ። ተምሬ ስል፣ የሰፈራችን ትምህርት ቤት ስድስተኛ ክፍል ላይ አበቃ፤ እኔ ግን አላበቃሁም። ከከተማ ሊያስተምሩን የመጡ ዘማቾች ትተውት የሄዱት የጤና መጽሐፍ እጄ ገብቶ ሽፋኑ እስኪለቅ አነበብሁት። ጉበት ማለት የሰውነት ጎተራ ነው። የበላነውን ተቀብሎ ያስቀምጣል፤ ጡንቻ ሲርበው እየሰፈረ ይሰጠዋል። ጡንቻም ውለታ አይበላም፤ በሠራ ቁጥር የጎተራውን ትርፍ ስብ ያቃጥልለታል። እርጅና ሲመጣ ሁለቱ እንደ ቆዩ ባልና ሚስት ይሆናሉ፤ አንዱ ሲታመም ሌላው አብሮ ይተኛል። ስለዚህ የሽማግሌን ጉበት ለመመርመር ጎኑን መቅደድ አያስፈልግም። እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ፣ ዘንግ ሳይደገፍ፣ ከበርጩማ ይነሣ እንደሆን ማየት ይበቃል። ይህ የመጨረሻው ሐሳብ ከመጽሐፉ ይሁን ከእኔ፣ አሁን ለይቼ መናገር አልችልም። ስለ መድኃኒቱ የሚናገረው ገጽ ግን አልነበረም፤ ከእኔ በፊት መጽሐፉን የያዘው ሰው ጨው ጠቅልሎበታል። በሽታውን አሳምሬ አውቃለሁ፤ መድኃኒቱን የሚያውቀው ጨው ነው።

እንዲህ ያለ ዕውቀት ይዞ ዝም ማለት ኃጢአት ነው። ስለዚህ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ላለው ለገበሬ ማኅበራችን ሊቀመንበር ሄጄ ነገርሁት። ሊቀመንበሩን «እሱ» የምለው ስለ ደፈርሁ አይደለም፤ «ጓድ ከተባለ ወዲህ አንቱታ ቀርቷል» ብሎ ራሱ አስተምሮናል። ሞፈር ከጨበጠ ቆይቷል። ከቀድሞው ባላባት ቤት የተወረሰች፣ ክንድ ማሳረፊያ ያላት ወንበር አለችው፤ ከእሷ ላይ ሆኖ ይፈርዳል፤ ጉዳይ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ አረቄ በጋቢው ሥር ይዞ ይመጣል። ነገሬን ሰማና ዓይኑ በራ። የእርከን ሥራ መጥቶ ሽማግሌ ሁሉ «አቅም የለኝም፣ ማሩኝ» እያለ አስቸግሮት ኖሯል። ወዲያው የማኅበሩ የጤና ተጠሪ አደረገኝ። ሹመት እንዲህ በአንድ አፍ ሲመጣ ማን ይጠረጥራል?

ከበርጩማ መነሣት ያቃተው ከእርከን ይማራል ተብሎ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስብሰባ ተጠራ። የሰፈራችን ሽማግሌዎች ያን ቀን እንዴት እንደመጡ ባያችሁ። ቅዳሜ ደባርቅ ገበያ ወጥተው፣ ተጣልተው፣ ታርቀው፣ ጠጥተው የተመለሱ ሰዎች በአንድ ሌሊት እግራቸው ተሳሰረ። ከሁሉም የባሱት አያ ቢያድግልኝ ነበሩ። ስሙን ያወጡት ወላጆቻቸው ናቸው፤ ይኸው አድገው አድገው ሰባን ሲያልፉም ስሙ ገና ይመኝላቸዋል። በዋዜማው ከገበያ ጠቦት ትከሻቸው ላይ ጭነው ዳገቱን ሲወጡ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ነገር ግን ዓይኔ መጽሐፉን አላነበበም።

አያ ቢያድግልኝ በርጩማው ላይ ተቀመጡ፤ እጃቸውን አጣመሩ፤ ለመነሣት ሞከሩ። «እመ ብርሃን» ብለው አቃሰቱ፤ ከፍ አሉና ተመልሰው ወደቁ። ደግመው ሞከሩ፤ ደግመው ወደቁ። ቀኝ ጎናቸውን ጫን ባደርግ «እህ» አሉ፤ ግራውን ጫን ባደርግ «እህ» አሉ፤ ትከሻቸውን ብነካ እዚያም «እህ» አሉ። ጉበታቸው ትከሻ ድረስ አብጧል ማለት ነው። ለጉባኤው ስለ ጎተራው፣ ስለ ጡንቻው፣ ስለ ባልና ሚስቱ በሰፊው አስረዳሁና «የእኒህ ሰው ጉልበት ያለቀው ጉበታቸው ስለታመመ ነው» ብዬ ደመደምሁ። አያ ቢያድግልኝ «እግዜር ያሳድግህ ልጄ» ብለው መረቁኝ።

ምርቃቱ አፋቸው ላይ ሳይደርቅ ሊቀመንበሩ ፈገግ አለ። «ከእርከን ነጻ ነዎት አባቴ» አላቸው። አንቱታው ከየት ተመለሰ ብዬ ሳስብ ቀጠለ። ከበርጩማ መነሣት ያቃተው ሰው ሞፈር አይጨብጥም፤ መሬት ደግሞ ለአራሹ ነው፤ ስለዚህ ከወንዙ በታች ያለችው የአያ ቢያድግልኝ ጥቁር መሬት ማረስ ለሚችል ሰው ትሰጥ አለ። ማረስ የሚችለው ሰው ማን እንደሆነ ለመገመት መጽሐፍ ማንበብ አያሻም፤ የሊቀመንበሩ የሚስት ወንድም ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ጢሙን ያሻሻል። ያችን መሬት ሁለት ዓመት ሙሉ ሲዞራት ነበር።

አያ ቢያድግልኝ ፊታቸው አመድ መሰለ። ያቺ መሬት ከሄደች የቀረቻቸው ድንጋያማዋ ጭንጫ ናት፤ ድንጋይ ደግሞ ገብስ አያበቅልም። «አሁን ተሻለኝ፤ ልነሣና እዩኝ» አሉ። ሊቀመንበሩ «የታመመ ሰው አይደክምም፤ ሕክምናው ይከለክላል፤ አይደለም ወይ ጓድ ተጠሪ?» ብሎ ወደ እኔ ዞረ። የሚለውን ከመጽሐፉ ባላስታውሰውም በአዎንታ አንገቴን ነቀነቅሁ። «ቶሎ ይድናሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ምን ልበል? እውነቱን ተናገርሁ፤ ስለ መዳን የሚናገር ገጽ አላየሁም አልሁ። ጉባኤው በሙሉ አየኝ። እናቴም ከሴቶቹ መካከል ሆና አየችኝ።

ጸሐፊው ውሳኔውን ሊጽፍ ብዕሩን ሲያራግፍ በሩ ተገፋና መምሬ አስረስ ገቡ፤ የደብሩን አጥር ሊያሳጥሩ ሰው ለመለመን ነው የመጡት። ቄስ ሲገባ ቁጭ ብሎ የሚቀር እግር ደግሞ በኛ አገር አልተወለደም። «ኖር!» አለ ቤቱ በአንድ ድምፅ። ከሁሉም ቀድመው እንደ ወስፈንጥር የተፈናጠሩት አያ ቢያድግልኝ ናቸው፤ እጃቸው ገና ደረታቸው ላይ እንደተጣመረ፣ ዘንጋቸው መሬት ላይ እንደተጋደመ። መምሬ «በእግዜር፣ በማርያም ተቀመጡ» ሲሉ ግን ማንም አልተቀመጠም። ሁሉም የሚያየው ሌላ ነገር ነበር።

ሊቀመንበሩም ሊነሣ ፈልጓል። ለቄስ መነሣት ኋላ ቀርነት ነው ብሎ ያስተማረን እሱ ቢሆንም፣ ትምህርቱ እግሩ ዘንድ አልደረሰም። ክንድ ማሳረፊያዎቹን በሁለት እጁ ተደግፎ ተነሣ፤ ወንበሯም ዳሌውን ይዛ አብራው ተነሣች፤ ከዚያ ተያይዘው ተመልሰው ተቀመጡ። ደግሞ ሞከረ፤ ደግማ ያዘችው። ላቡ ወረደ። አረቄ፣ መቀመጥና ዕድሜ አንድ ላይ ሲገጥሙ ጡንቻም ጉበትም እንደማይተርፉ የሚናገረውን ገጽ በዚያች ደቂቃ በሕይወት አነበብሁት።

አያ ቢያድግልኝና ሊቀመንበሩ አብረው ከብት የጠበቁ እኩያሞች ናቸው፤ እስከዚያ ቀን «አንተ» ነበር የሚሉት። ያን ጊዜ ግን እንደ ቆሙ እጅ ነሡና «ጓድ ሊቀመንበር፣ እግዜር ይማርዎት» አሉት። «እኔስ እንዳዩት ነው። የእርስዎ መሬት ግን ያሳዝናል። ይህ ልጅ ጎንዎን ይይልዎትና፣ ለማን እንደምንሰጣት አብረን እንምከር።» ጉባኤው በጋቢው ተከናንቦ ሳቁን በሳል ሸሸገ። ጋቢ ለዚህ ነው የተፈተለው። መምሬ አስረስ ነገሩ ባይገባቸውም «እግዜር ይማርዎ» ብለው ጨመሩበት።

ሊቀመንበሩ ላቡን ጠረገና ወሰነ። የበርጩማው ፈተና አድኃሪ ሆኖ ስለተገኘ ተሰረዘ። ሽማግሌ ሁሉ ከእርከን ይቅር፣ መሬትም ባለበት ይርጋ ተባለ። የሚስቱ ወንድም ጢሙን ማሻሸት ተወ። አንድ ነገር ብቻ አልተሰረዘም፤ ይህን ሁሉ ለመናገር የበቃ ጉልበት ድንጋይ ለመሸከምም አያንስም ተባለና የጤና ተጠሪው በሽማግሌዎቹ ፈንታ እርከን ተመደበ።

ዛሬም እዚያው ነኝ። አያ ቢያድግልኝ በማለዳ በሬዎቻቸውን ነድተው ወደ ጥቁሯ መሬት ሲወርዱ ከእርከኑ ሥር ቆም ይላሉ። «ልጄ፣ ጉበትህ እንዴት አደረ?» ይሉኛል። ጉበቴስ ደህና ነው፤ መጽሐፉ አልዋሸም፤ የሚሠራ ጡንቻ ጎተራውን ይጠብቃል። ያመመኝ ወገቤ ነው። ስለ ወገብ የሚናገረው ገጽ ደግሞ ከጨው ጋር ሄዷል።