ከረባት ያሰረው ዳኛ

እኛ ሰዎች ሽልማት እንወዳለን። የሮጠ ይሸለማል፣ የዘፈነ ይሸለማል፣ ግብሩን በጊዜ የከፈለ ነጋዴ እንኳ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ ከባለሥልጣን ጋር ፎቶ ተነስቶ፣ የምስጋና ወረቀቱን መስታወት አስገብቶ ሱቁ ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ጥያቄ ጠየቀ ተብሎ የተሸለመ ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ በተማርኩበት ዘመን የሚጨበጨበው ለመላሹ ነበር። ጠያቂማ “ቁጭ በል፣ እዚያ ላይ እንደርሳለን” ይባላል። እኔም በታዘዝኩት መሠረት ቁጭ እንዳልኩ፣ እዚያ ላይ ሳንደርስ ትምህርቱ አለቀና መርካቶ ገባሁ።

ስለዚህ አንድ ድርጅት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በጋዜጠኝነት ሊያወዳድር ነው፣ ላሸነፈው ተማሪ የኮሌጅ የትምህርት ዕድል፣ ላሠለጠነው መምህርም ሽልማት ሊሰጥ ነው ሲባል ብሰማ ጆሮዬን ተጠራጠርኩ። ወሬውን ያመጣልኝ ሬዲዮ እንዳይመስላችሁ። ከአጥር ማዶ ነው የሰማሁት።

ሱቄ ከራጉኤል ወረድ ብሎ፣ ደብተርና ቦርሳ ከሚሸጥበት ረድፍ ውስጥ ናት። ጀርባዋ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር ነው። በአጥሩ ላይ የትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ ተሰቅሏል፤ ማን እንደሰቀለው አላውቅም፣ አፉ ወደ ተማሪው መሆኑ ቀርቶ ወደ እኛ ዞሯል። እናም ሚኒ ሚዲያ የሚሉት የተማሪዎቹ ጣቢያ በእረፍት ሰዓት ዜና ሲያነብ ተማሪው ሳምቡሳውን ይበላል፣ የሚያዳምጠው የእኛ ረድፍ ነው። መታወቂያ የጠፋባቸውን ተማሪዎች በስም አውቃቸዋለሁ። አሥረኛ ቢ በኳስ ሲሸነፍ እኔ ነኝ የምናደደው።

በዚያ ዓመት ዜና የምታነበው ሐያት ነበረች። ሐያት የጎረቤቴ የሰይድ ልጅ ናት። ሰይድ በልጅነቱ ከወሎ መጥቶ መርካቶ ያደገ የቦርሳ ነጋዴ ነው፤ ለገዢ አንደበቱ የማያልቅበት፣ ስለ ልጁ ሲጠይቁት ግን ድንገት ሥራ የሚበዛበት። የሐያት ድምፅ ከአጥሩ ላይ ሲመጣ የጀመረውን ዋጋ ሳይጨርስ ቀጥ ይላል። ገዢው ቦርሳውን ይዞ ይጠብቃል። ዜናው ሲያልቅ “ማይኩ ይቆራረጣል” ይልና ወደ ገበያው ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ምስጋና ከአፉ ሰምተን አናውቅም።

ሐያት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳ ጋዜጠኝነት መማር ትፈልጋለች። ሰይድ ደግሞ መንግሥት ከሸገር አርቆ ከመደባት እንደማይልካት ተናግሯል፤ እዚሁ ላለው የግል ኮሌጅ የሚከፍለው የለውም። “ወሬ ለመጠየቅማ ሱቅ ውስጥም ይጠየቃል” ይላል። ሲከራከሩ ከርመው በመጨረሻ መዳፍ ለመዳፍ ተማትተው ተስማሙ። ውድድሩን ካሸነፈች ኮሌጅ ትገባለች። ካላሸነፈች ከአባቷ ጎን ቆማ ቦርሳ ትሸጣለች። መርካቶ ውስጥ መዳፍ ከተማታችሁ በኋላ ወደ ኋላ የለም፤ እኔ ደግሞ ምስክር ነበርኩ።

አሁን ስለ አንድ ልማዳችን ልንገራችሁ። መርካቶ መጥታችሁ ዕቃ ስትጠይቁ መጀመሪያ የምትሰሙት ዋጋ ዋጋ አይደለም፤ እንዴት ዋላችሁ እንደማለት ነው። እናንተ ግማሹን ትላላችሁ፣ እኛ እንምላለን፣ እናንተ ትሄዳላችሁ፣ እኛ እንጠራችኋለን። ቅር የሚሰኝ የለም። በእኛ ረድፍ ግን ዩኒፎርም ለብሶ ለመጣ ተማሪ ይኼ ሁሉ የለም። አንዴ ሲጠይቅ የመጨረሻው ዋጋ ይነገረዋል፣ ከፍሎ ይሄዳል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም፣ የትም አልተጻፈም። አዲስ ነጋዴ ገብቶ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ላይ ዋጋ ቢቆልል ረድፉ በሙሉ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፣ ይበቃዋል።

ሐያት ለውድድሩ የሠራችው ዘገባ ስለዚህ ልማድ ነበር። ስልኳን አፌ ሥር ደቅና “ለምንድነው እንዲህ የምታደርጉት?” ብላ ጠየቀችኝ። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ ስለ ሀገር ተረካቢ ትውልድና ስለ ነጋዴ ማኅበራዊ ኃላፊነት አወራሁላት። ዝም ብላ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ፈገግ አለችና፣

“ጋሼ፣ አሁን ደግሞ የመጨረሻውን ይንገሩኝ” አለችኝ።

ሳቄ መጣ። ከዚያ እውነቱን ነገርኳት። እናት ዋጋ ለማስቀነስ ስትለማመጥ አጠገቧ የቆመ ልጅ ይሳቀቃል፤ መሬት መሬት ያያል። እኔም እንዲያ ቆሜ አውቃለሁ። ያንን ማየት አልችልም፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ዘገባው ላይ ያስገባችው ይህንን ብቻ ነው፤ ያን ሁሉ ተረካቢ ትውልድ አውጥታ ጣለችው። መጨረሻ ላይም አባቷ የሚሸጠው ሰማያዊ ቦርሳ ለተማሪ ስንት እንደሆነ ቁጥሩን ጠርታ ዘጋች። የሚኒ ሚዲያው ኃላፊ መምህርት ትዕግሥት ዘገባውን ለውድድሩ ላከችው፣ እኛም እጃችንን አጣጥፈን መጠበቅ ጀመርን።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ መምህርት ትዕግሥት ነጭ ጋውኗን እንደለበሰች፣ ጠመኔው ከእጇ ሳይለቅ ረድፋችን መሀል መጥታ ቆመች።

“ሰሞኑን ከረባት ላሰረ ሰው ሰማያዊ ቦርሳ የሸጠ አለ?”

የሸጠ አልነበረም።

“ጠይቆኝ የሄደ አለ” አለ ሰይድ። “አልገዛም።”

“ስንት አሉት?”

ሰይድ ነገራት። ሐያት በዘገባዋ ከጠራችው እጥፍ ነበር። መምህርቷ ካሰርኩት የደብተር እስር ላይ ቁጭ አለችና ነገሩን አስረዳችን። ሰውየው ከውድድሩ ዳኞች አንዱ ነው። ዘገባው እውነት መሆኑን ላጣራ ብሎ ማንነቱን ሳይናገር መጥቷል። የሰማውን ይዞ ሄዶ፣ ተማሪዋ ያልሆነ ዋጋ አውርታለች፣ የገዛ አባቷ ሱቅ ውስጥ አረጋግጫለሁ ብሏል። ሐያት ከውድድሩ ልትወጣ ነው።

ሰይድ ሰማይ የተደፋበት መሰለ። ቆየና ግን የገባው ጥፋት ሌላ ሆኖ ተገኘ።

“ታዲያ ለምን ዝም ብሎ ሄደ?” አለ ከልቡ ተቀይሞ። “ሰው እንዴት ዋጋ ጠይቆ ዝም ብሎ ይሄዳል? ግማሹን ማለት ምን ነበረበት?”

እውነቱን ልናገር፣ እኛም ሁላችን የፈረድነው በዳኛው ላይ ነው። ከረባት አስሮ፣ ተማሪ ሳያስከትል መጥቶ፣ የመጀመሪያውን ዋጋ እንደ ዋጋ ቆጥሮ የሚሄድ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? መምህርት ትዕግሥት ግን ዓይኗን አፈጠጠችብን። ልጅቷ ዩኒፎርም የሚለውን መቶ ጊዜ ተናግራ፣ ሰውየው ያለ ዩኒፎርም መጥቶ መፍረዱ ስህተቱ የእሱ ነው፤ ይኼን ቢሯቸው ድረስ ሄጄ እነግራቸዋለሁ አለች። ሄዳም ነገረቻቸው። በሩ ላይ ያለው ጥበቃ አላስገባም ሲላት፣ ዳኛው ለምሳ እስኪወጣ ድረስ ጠብቃ ነው ያገኘችው። እሺ፣ እንደገና እመጣለሁ፣ መቼ እንደሆነ ግን አልናገርም አላት።

በዚያን ዕለት በእረፍት ሰዓት የሐያት ድምፅ ከአጥሩ ላይ መጣ። የጠፉ መታወቂያዎችን አነበበች። ድምፅዋ እንደ ሌላው ቀን አልነበረም። ሰይድ እንደ ልማዱ ቀጥ ብሎ ሰማ፤ ስታበቃ ግን ስለ ማይኩ ምንም አላለም። 

ከዚያ በኋላ የረድፋችንን ዝግጅት ብታዩ። አንዱ ዋጋ በካርቶን ጽፈን እንለጥፍ አለ። ሌላው ለዳኛው ለስላሳ ይገዛ አለ። ሰይድ ደግሞ “ቦርሳውን በነጻ ነው የምሰጠው፣ ወላሂ” ብሎ ማለ። መምህርት ትዕግሥት ይህን ስትሰማ ራሷን ያዘች። “ጋሽ ሰይድ፣ ያኔ እጥፍ ብለው ውሸታም አደረጓት፣ አሁን በነጻ ሰጥተው ሊደግሙ ነው? ልጅቷ ያለችውን ዋጋ ብቻ ይበሉ። ከዚያ ላይ አይጨምሩ፣ ከዚያ ላይ አይቀንሱ።” ሰይድ በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ ያለ ከባድ ሥራ ታዞ የሚያውቅ አልመሰለኝም።

ዳኛው መጣ። ያንኑ ከረባት አስሯል፣ አሁን ግን ዩኒፎርም የለበሰች የገዛ ልጁን አስከትሏል።  ልጅቷ ሰማያዊውን ቦርሳ አንስታ “ይኼ ስንት ነው?” አለች። ሰይድ ዋጋውን ተናገረ። ሐያት የጠራችው ቁጥር ራሱ ነው። እፎይ ብዬ ሳልጨርስ ዳኛው ቦርሳውን አገላብጦ አየና፣

“አስተያየት የለውም?” አለ።

ያ ሰውዬ ያኔ አንድ ቃል ቢከራከር ኖሮ ይኼ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ፤ ያኔ ዝም ብሎ ሄዶ ዛሬ ልከራከር አለ። ሰይድን አየሁት። አስተያየት ተጠይቆ እንቢ ብሎ አያውቅም፤ ትንሽም ብትሆን ይቀንሳል፣ አለዚያ ምግብ አይስማማውም። በዚያ ላይ እንግዳው ዳኛ ነው፣ ሊያስደስተው ይፈልጋል። ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይቼ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ረድፉ በሙሉ ጠረገ።

“የለውም” አለ ሰይድ፣ ላቡ በግንባሩ ወርዶ። “ልጄ የተናገረችው ዋጋ ነው።”

ዳኛው ከፍሎ ሄደ። ሰይድ ያቺን “ልጄ” ሲላት ሐያት ብትሰማ ብዬ ተመኘሁ፤ በእረፍት ሰዓት ሄጄ ነገርኳት።

የሽልማቱ ቀን ሱቃችንን ዘግተን አዳራሽ ገባን። ሰይድ ዒድ ካልሆነ የማይለብሰውን ኮት ለብሷል። መጀመሪያ መምህርት ትዕግሥት ተጠርታ በአበባ የታጀበ የምስጋና ወረቀት ተሰጣት፤ እጃችን እስኪቀላ አጨበጨብንላት። ቀጥሎ ሐያት አንደኛ ተብላ ተጠራች። እልልታችን ገና ሳይበርድ የድርጅቱ ኃላፊ ማይኩን ያዙና፣ ድርጅታችን የኮሌጅ ክፍያዋን ግማሽ እንደሚሸፍን በደስታ እገልጻለሁ አሉ።

ግማሽ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ አንዳችንም አልጠየቅንም ነበር። መርካቶ የሚውል ሰው ዋጋ ሳይጠይቅ የገባበት ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው። የሐያት ፊት ሲለወጥ አየሁ። ሌላውን ግማሽ አባቷ ከየትም እንደማያመጣው ታውቃለች።

ሰይድ ከመሀል ወንበር ተነሳ።

“ጌታዬ፣ የመጨረሻውን ይንገሩን” አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ሰይድ አልሳቀም፤ ቆሞ መልስ ይጠብቃል። ኃላፊው ግራ ገባቸው። ከረባቱን ያሰረው ዳኛ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ የሆነ ነገር ሲላቸው ታየኝ። “እንግዲህ... ሦስት አራተኛውን ልንሸፍን እንችል ይሆናል” አሉ።

“አላህ ይስጥልን” አለ ሰይድ በትህትና። መድረኩ ሥር ሄዶ የልጁን እጅ ያዘና ወደ በሩ መራመድ ጀመረ።

መምህርት ትዕግሥት ልትጮህ ስትል ክንዷን ያዝኩ። “ዝም በይ፣ ይጠሩታል” አልኳት። አካሄዱን አውቀዋለሁ። ፈጥኖም አይሄድም፣ ዞሮም አያይም። በሩ ጋ ሊደርስ ሲል ዳኛው ራሱ ከመድረኩ ብድግ ብሎ “ኧረ ይመለሱ፣ ይመለሱ” አለ።

ሙሉውን ሸፈኑላት። ሰይድ ተመልሶ ሁሉንም ጨበጠ፣ የኃላፊውን እጅ ግን አልለቀቀም። ዕቃ የተሸጠለት ገዢ ምርቃት ትጨመርለታለች፣ የገበያ ወግ ነው። “ለመምህሯ ወረቀቱ ላይ የምትጨምሩላት ምርቃትስ?” አላቸው። “ለጣቢያዋ ማይክ ይሁንላት። ያለው ይቆራረጣል።”

ሐያት ዛሬ ኮሌጅ ናት። አዲሱ ማይክ ጥርት ያለ ነው፤ ሌላ ተማሪ ታነብበታለች፣ ሰይድም የጀመረውን ዋጋ ሳይጨርስ ቀጥ ማለቱን አልተወም።

ባለፈው ሳምንት ዳኛው ከረባቱን እንዳሰረ ብቻውን ሱቄ መጣ። ለቢሮው ደብተር ፈልጎ ነው። አውቄዋለሁ፣ ባለውለታችንም ነው። ግን ዩኒፎርም አልለበሰም፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ዋጋ ነገርኩት። ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ ግማሹን አለ። ማልኩለት። ደብተሩን አስቀመጠና ወጥቶ ሄደ፤ አልፈጠነም፣ ዞሮም አላየኝም። ገበያ እንዲህ ለተማረ ሰው የሚሸልም ድርጅት ስለሌለ፣ እኔው ጠራሁት።