ከእንጀራ መሐል የተኛው ሲጋር

አገሩን ጥሎ ተሰዶ ሹመቱን ግን ያልጣለ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእህቴ ባል ደርግን ሸሽቶ፣ ናይሮቢ ካሳራኒ ያለችው ጠባብ ቤቴ ከእህቴ ጋር ሲጠጋ፣ ይዞ የመጣው አንድ ሣጥን የኩባ ሲጋር ነበር። ሲጋር እርጥበት ካላገኘ ይበላሻል ብሎ፣ ለዌስትላንድስ ምግብ ቤት ከምሸጠው እንጀራ መሐል ደረደረው።

«ምን መሆንህ ነው?» ስለው፣ «እትዬ፣ ሲጋር እንክብካቤ ይፈልጋል» አለኝ፣ ለማያውቅ ሰው እንደሚያስረዳ።

ሲጋሩን አወጣሁት፤ ሽታው ግን እንጀራው ላይ ቀረ። ምግብ ቤቱ እንጀራዬን መለሰ። ሌላ ደንበኛ አልነበረኝም። ሰውየው አዘነልኝ? ሲጋሩን አሽትቶ፣ «እርሾ እርሾ ይላል፤ አበላሻችሁብኝ» ብሎ አኮረፈ።

«እትዬ፣ ምሳም አልበላ ብሏል፤ በቃ ይቅርታ ጠይቂው» አለችኝ እህቴ።

ለእሷ ስል ጠየቅሁት። ሶፋዬ ላይ እግሩን አንፈራጦ፣ «ይታያል» አለኝ።