ባለ አንድ አንቴናው

(ወንዝ ዳር ያለ የጥናት ጣቢያ፤ ረፋድ። ተመራማሪው ማይክሮስኮፑ ፊት ተቀምጦ ቅጽ ይሞላል። የሌሊቱ ዘበኛ የጥበቃ መዝገቡን በብብቱ ይዞ በሩ ላይ ቆሟል።)

ተመራማሪው፦ «ሰብሳቢው ነፍሳቱን ሲይዘው ምን እያደረገ ነበር?» ይላል። ይኼ ደግሞ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?

ዘበኛው፦ ሰብሳቢው ማን ነው?

ተመራማሪው፦ እኔ ነኛ።

ዘበኛው፦ ታዲያ ምን እያደረጉ ነበር?

ተመራማሪው፦ እሱማ ጠፍቶኝ ነው።

ዘበኛው፦ እኔ እንኳ ለፊርማ ነበር የመጣሁት፣ ዶክተር። የማታው ገጽ ካልተፈረመ ተረኛው አይረከበኝም።

ተመራማሪው፦ ቆየኝ፣ ወንድሜ። ይኼ ቅጽ እስከ ስድስት ሰዓት ካልተላከ ስሙ ይቀርብኛል።

ዘበኛው፦ የማን ስም?

ተመራማሪው፦ የኔ። በኛ ሙያ አዲስ ፍጥረት አግኝቶ በገዛ ስም መጥራት ነውር ነው። ስለዚህ እኔ እሰበስባለሁ፤ ጓደኛዬ በሰብሳቢው ስም ይጠራዋል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ለስንቱ ስም ሳወጣ ኖሬ፣ በኔ ስም የሚጠራ አንድ ትንኝ እንኳ የለም።

ዘበኛው፦ ልጅ የለዎትም?

ተመራማሪው፦ ልጅማ አለኝ። ይኼ ይለያል።

ዘበኛው፦ ይኼ የሚያዩት የእሳት እራት?

ተመራማሪው፦ የእሳት እራት አይደለም፤ ስንቴ ልንገርህ? የእሳት እራት ክንፉ ላይ ዱቄት ነው ያለው፤ የዚህ ፀጉር ነው። ካዲስ ይባላል። እጭ ሳለ ወንዝ ውስጥ አሸዋ ይለቃቅማል፤ ከአፉ በሚያወጣው ሐር እያያያዘ ቤት ይሠራል።

ዘበኛው፦ የራሱን ቤት?

ተመራማሪው፦ የራሱን።

ዘበኛው፦ እኔ እስካሁን ተከራይ ነኝ። ከዚያስ?

ተመራማሪው፦ ክንፍ ያወጣና ጥሎት ይሄዳል።

ዘበኛው፦ ለማን?

ተመራማሪው፦ ለማንም።

ዘበኛው፦ አይ። እቺ ጋ ብቻ ቢፈርሙልኝ...

ተመራማሪው፦ ቆይ አልኩህ።

ዘበኛው፦ እሺ። አዲስ መሆኑን በምን አወቁ?

ተመራማሪው፦ እንደ ደንቡ የሚለየው በጅራቱ ጫፍ ባለው የመራቢያ አካሉ ነው።

ዘበኛው፦ ከጠዋት ጀምሮ አጎንብሰው የሚያዩት እሱን ነው?

ተመራማሪው፦ ሥራዬ ነው።

ዘበኛው፦ ፊቱን ቢያዩት አይሻልም ነበር?

ተመራማሪው፦ የዚህ ከሩቅ ያስታውቃል። ስማኝማ፣ የጻፍኩትን ላንብብልህ። «አካሉ ጠፍጣፋ፤ እንደ ወረቀት የሳሳ።» የሌሎቹ ካዲሶች ሆድ ድብልብል ነው።

ዘበኛው፦ ጠፍጣፋ።

ተመራማሪው፦ «ቀኝ ክንፉ ላይ ሰማያዊ መስመር አለ።»

ዘበኛው፦ (ኪሱ ውስጥ ያለውን እስክሪብቶ አየት አድርጎ) ደማቅ ሰማያዊ?

ተመራማሪው፦ በጣም ደማቅ። አሁን ዋናው መጣ። «አንቴናው አንድ ብቻ ነው፤ የግራው።»

ዘበኛው፦ ቀንዱን ነው የሚሉት?

ተመራማሪው፦ ቀንድ በለው። የዓለም ካዲስ ሁሉ ሁለት አለው፤ የኔው አንድ።

ዘበኛው፦ ሌላኛውስ የት ሄደ?

ተመራማሪው፦ የትም አልሄደም፤ ሲፈጠርም አልነበረው። ይኼ እንዲገባህ ትንሽ መማር ይጠይቃል።

ዘበኛው፦ ይሆናል።

ተመራማሪው፦ (እየጻፈ) «ሰብሳቢው ሌሊቱን ሙሉ ነፍሳት ከሚስበው መብራት ሥር ነቅቶ ይጠባበቅ ነበር። የተያዘበት ሰዓት፦ ከሌሊቱ ዘጠኝ።» በቃ፣ ይኼው መልሱ።

ዘበኛው፦ ጠዋት መብራቱ ሥር ካለው ሳህን ውስጥ አገኘሁት አላሉኝም?

ተመራማሪው፦ ሳይንስ ውስጥ ግምት የሚባል ነገር አለ። አምጣ መዝገብህን፤ ልፈርምልህና ሂድ፣ ተኛ።

(ዘበኛው መዝገቡን ይገልጣል። ገጹ መሐል ቡናማ እድፍ አለ፤ ከእድፉ ጎን እንደ ፀጉር የቀጠነ ነገር ተጣብቋል። ተመራማሪው አጉሊ መነጽሩን ያነሳል። ብዙ ያያል።)

ተመራማሪው፦ ይኼ ምንድን ነው?

ዘበኛው፦ ቀንዱ። የቀኙ።

ተመራማሪው፦ እዚህ ምን ይሠራል?

ዘበኛው፦ ስጽፍ መጥቶ ያልደረቀው ቀለም ላይ አረፈ። በዚያው ውሻው ጮኸ፤ መዝገቡን ዘግቼ ወጣሁ። ስመለስ፣ ዶክተሩ ይፈልጉት ይሆናል ብዬ አላቅቄ ሳህኑ ውስጥ ጨመርኩልዎ። ቀንዱ ግን እምቢ አለኝ።

ተመራማሪው፦ (በቀስታ) ሲያርፍ... ድብልብል ነበር?

ዘበኛው፦ ድብልብል ነበር። እነዚህን የመሰሉ እኔ ዘንድ በየማታው ነው የሚመጡት።

ተመራማሪው፦ ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?

ዘበኛው፦ ከጠዋት ጀምሮ ይፈርሙ እያልኩዎት። ሁሉም ተጽፏል።

(ተመራማሪው ቅጹን አንድ ጊዜ፣ መዝገቡን አንድ ጊዜ ያያል። ሰብሳቢ ከሚለው ፊት ስሙን ይሰርዛል።)

ተመራማሪው፦ የያዝከው አንተ ነህ። እሺ፣ ሲያርፍብህ ምን እያደረግህ ነበር?

ዘበኛው፦ እየጻፍኩ ነዋ።

ተመራማሪው፦ ምን ብለህ?

ዘበኛው፦ (ጣቱን ከቀንዱ ሥር አድርጎ ያነባል) «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ከአሥር። ዶክተሩ መብራታቸውን ለነፍሳቱ ትተው ተኙ።»